አምባሰልን በቮልት መቃኘት፦ ሞጁላር ሲንተሳይዘርን እንዴት ጀመርኩ

ደሴ ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ይውጠዋል። ያኔ ቤት ገብቶ ብርድ ልብስ ከመከናነብ ሌላ ብዙም ሥራ የለም። ሞጁላር ሲንተሳይዘርን የተዋወቅኩት እንዲህ ባለ ምሽት ነው። ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ ድቅን አለ። ሰውዬው ቁም ሳጥን የሚያህል ነገር ፊት ቆሟል። ሳጥኑ በማዞሪያ፣ በትንንሽ መብራትና በቀዳዳ ተሞልቷል። ከየቀዳዳው ቀለም በቀለም የሆነ ገመድ ተንጠልጥሏል። ኪቦርድ የሚባል ነገር የለውም። አንዱን ገመድ ነቅሎ ሌላ ቦታ ሰካው፤ ድምፁ ወዲያው ሌላ ሆነ።

«ይሄማ የኛ ፓኔል ነው» አልኩ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት በሚኒባስ ቁልቁል እወርዳለሁ፤ ማታ ሽቅብ እመለሳለሁ። ቀኑን ሙሉ የምውለው ከሽቦ፣ ከሪሌና ከሞተር ጋር ነው። ስለዚህ ይሄ ነገር አይከብደኝም ብዬ ገባሁበት። ከበደኝ። ያውም የከበደኝ አውቃለሁ ባልኩበት በኩል ነው።

ነገሩ ምንድነው? ሲንተሳይዘር በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ ነው። ሰርግ ቤት የምናየው ኪቦርድ ውስጥም ድምፅ የሚያመነጭ፣ ድምፅ የሚያጣራ፣ ድምፅ የሚከፍትና የሚዘጋ ክፍል አለ። እነዚህን ያገናኛቸው ፋብሪካው ነው፤ አንተ ቁልፍ ትጫናለህ፣ አለቀ። ሞጁላር ላይ ግን ክፍሎቹ ለየብቻ ይመጣሉ፤ አንዱ ክፍል ሞጁል ይባላል። አገናኙ አንተ ነህ። ካላገናኘህ ዝም ይላል።

ሮበርት ሙግና ዶን ቡክላ አሜሪካ ውስጥ ይህን መሥራት የጀመሩት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መጠን ደግሞ ዩሮራክ ይባላል። ዶፕፈር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ያመጣው ነው። የሞጁሉ ቁመት 128.5 ሚሊ ሜትር፣ ኃይሉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ 12 ቮልት፣ ገመዱም ከድሮ ስልክ ጆሮ ማዳመጫ ጋር አንድ ዓይነት 3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያ ያለው ነው። ዋጋውን አየሁ። አንዱ ሞጁል ብቻ መቶና ከዚያ በላይ ዶላር። ላፕቶፔን ዘጋሁና ተኛሁ።

በማግስቱ ነፃ መንገድ እንዳለ ገባኝ። ቪሲቪ ራክ የሚባል ፕሮግራም አለ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ነው፤ ዩሮራክን ኮምፒውተር ላይ ያስመስላል። ነፃው ሥሪት ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። ሞጁሉን ትመርጣለህ፣ ገመዱን በማውዝ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ትጎትታለህ። አንድ ጊዜ ካወረድከው ኢንተርኔት ጠፋ አልጠፋ ጉዳይህ አይደለም። ይሄ ለኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ስግብግብነት ነው። በነፃ የተገኘውን ሞጁል ሁሉ አግበሰበስኩ። ሠላሳ ምናምን ሞጁል ደርድሬ ገመዱን እንደ ጎመን ዘር በተንኩት። ላፕቶፔ እንደ ምጣድ ጋለ። ድምፅ ግን የለም። ጭጭ። ሙሉ ምሽት ገመድ ስነቅልና ስሰካ አመሸሁ። ለካ መጨረሻ ላይ ያለው የድምፅ መውጫ ሞጁል የተመረጠለት የኔ ጆሮ ማዳመጫ አልነበረም። ሥራ ቦታ ተለማማጅ እንዲህ ቢያደርግ ስንት እንደምናገረው እኔ ነኝ የማውቀው። «መጀመሪያ ኃይል መድረሱን ለካ!»

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አወጣሁ። ከድምፅ መውጫው በቀር አራት ሞጁል ብቻ፣ ሌላ ንክች የለም። ቪሲኦ፣ ቪሲኤፍ፣ ቪሲኤ እና ኤዲኤስአር። ለሦስት ሳምንት ያህል ከነዚህ አልወጣሁም። የተማርኩትም ያኔ ነው።

ቪሲኦ ድምፅ አመንጪው ነው። የማያርፍ ፍጡር ነው፤ ከተሰካ ጀምሮ ይጮሃል። ከአንዱ ሞጁል የተለያየ ቅርፅ ያለው ሞገድ ይወጣል። ሳይን የሚባለው ለስላሳ ነው፤ መሠረታዊው ድምፅ ብቻ እንጂ ምንም ጭማሪ የለውም። የመጋዝ ጥርስ የሚመስለው ደግሞ ሻካራ ነው፤ በላዩ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ተሸክሟል።

ቪሲኤፍ ማጣሪያ ነው። ጎረቤት ሰርግ ሲኖር በሩ ተዘግቶ ከውጭ ስትሰማው ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ይመጣል፤ በሩ ሲከፈት ቀጭኑም አብሮ ይወጣል። በሩን ቀስ ብሎ መክፈትና መዝጋት ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ምሽት በከንቱ አለቀ። ማጣሪያውን ባዞረው፣ ባዞረው ድምፁ ትንሽ ይደክማል እንጂ አይለወጥም። ሞጁሉ ተበላሽቷል ብዬ አጥፍቼ አበራሁ። ኋላ ሳየው የሰካሁበት ሳይኑን ነው። ሳይን ውስጥ የሚጣራ ነገር የለም! ንፁህ ውሃ በነጠላ እንደማጥለል ነው። ገመዱን ወደ መጋዝ ጥርሱ ሳዛውረው ማጣሪያው ነፍስ ዘራ።

ቪሲኤ ቧንቧ ነው። የምኖረው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስለሆነ ይሄ ቶሎ ገባኝ። ቪሲኦው ሁልጊዜ የሚፈስ ውሃ ነው፤ ቪሲኤ ከፈት ሲል ይሰማል፣ ሲዘጋ ይቆማል። (የሰፈራችን ቧንቧ ግን ተከፍቶም ዝም የሚልበት ቀን አለ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።) ቧንቧውን የሚከፍተው እጅ ደግሞ ኤዲኤስአር ነው። እሱ ራሱ ድምፅ የለውም። ቮልት ብቻ ያወጣል።

ኤዲኤስአር አራት ማዞሪያ አለው፦ አታክ (ድምፁ እስኪነሳ)፣ ዲኬይ (ከዚያ ወርዶ እስኪረጋ)፣ ሰስቴይን፣ ሪሊዝ (ቁልፉ ሲለቀቅ እስኪጠፋ)። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ሦስቱ ጊዜን ይለካሉ። ሰስቴይን ግን ጊዜ አይደለም፤ ከፍታ ነው። ቁልፉ ተይዞ እስካለ ድረስ ድምፁ የት ላይ ይቆይ የሚለውን ነው የሚወስነው። እኔን የረዳኝ የሀገራችንን መሣሪያ ማሰብ ነው። ክራር ስትመታ ድምፁ ብድግ ብሎ ይወጣና ይከስማል። ስለዚህ አታክ ዜሮ፣ ዲኬይ አጭር፣ ሰስቴይን ዜሮ። ማሲንቆ ግን በደጋኑ እየተሳበ ይመጣል፤ ደጋኑ እስካልቆመ አይሞትም። አታክ ረዘም፣ ሰስቴይን ከፍ። እነዚህን ሁለቱን ያለ ምንም መማሪያ ከጭንቅላቴ ማውጣት ስችል ነገሩ እንደገባኝ አወቅኩ።

ዋናው ነገር የበራልኝ ግን ሥራ ቦታ ነው። አንድ ሞተር ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ድራይቭ አለው። ከ0 እስከ 10 ቮልት ትሰጠዋለህ፤ እሱም ሞተሩን ከ0 እስከ 50 ኸርዝ (ኸርዝ ማለት በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ነው) ያሽከረክራል። ማዞሪያውን ቀስ እያልኩ ስከፍት የሞተሩ ጩኸት ከወፍራም ወደ ቀጭን ወጣ። እጄ እዚያው ቀረ። ስንት ዓመት ሙሉ ቪሲኦ ስጫወት ኖሬያለሁ! ቮልት ያዛል፣ ማሽን ይታዘዛል። ሞጁላር ላይ ያለው ሁሉ ይሄው ነው። ድምፁም ቮልት ነው፣ ትእዛዙም ቮልት ነው። የትኛውም ገመድ የትኛውም ቀዳዳ ውስጥ መግባት ይችላል፤ ልዩነቱ ፍጥነቱ ብቻ ነው። በሴኮንድ 200 ጊዜ የሚወዛወዝ ቮልት ጆሮ ይሰማዋል። በሴኮንድ ሁለት ጊዜ የሚወዛወዘው፣ ማለትም ኤልኤፍኦ የሚባለው፣ እጅን ተክቶ ማዞሪያ ያዞራል።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ እሱ ለብዙ ቀን አስቸግሮኛል። የኛ ድራይቭ 5 ቮልት ሲያገኝ 25 ኸርዝ፣ 10 ሲያገኝ 50 ኸርዝ ይሰጣል። ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሲንተሳይዘር ላይ ግን ደንቡ አንድ ቮልት ለአንድ ኦክታቭ ነው፤ ኦክታቭ ማለት ኸርዙ እጥፍ የሚሆንበት ርቀት ነው። ቪሲቪ ራክ ላይ 0 ቮልት 261.6 ኸርዝ ነው። 1 ቮልት 523 ይሆናል፤ 2 ቮልት 1046። አይደመርም፣ በእጥፍ ይሄዳል። ይሄን ሳላውቅ ኤልኤፍኦን በቀጥታ ድምፅ መወሰኛው ላይ ሰካሁት። ከኔጋቲቭ 5 እስከ ፖዘቲቭ 5 ቮልት የሚወዛወዝ ነገር ነው፤ አስር ኦክታቭ ማለት ነው። አምቡላንስ ቤቴ የገባ መሰለኝ። መሃል ላይ መቀነሻ አስገብቼ ወደ 0.02 ቮልት ሳወርደው ነው ልክ እንደ ማሲንቆ ጣት የሚንቀጠቀጥ ድምፅ የመጣው።

አንድ ኦክታቭ አሥራ ሁለት ግማሽ ድምፅ አለው። ስለዚህ አንዱ ግማሽ ድምፅ 0.083 ቮልት ነው። ይሄን ሳሰላ ነው ቅኝት ትዝ ያለኝ። ወሎ ተወልዶ ቅኝት ትዝ የማይለው ማነው? ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ነው፤ አምባሰልም እዚሁ ከሰሜናችን። ሁለቱም የቦታ ስም፣ ሁለቱም የቅኝት ስም ናቸው።

ሲክዌንሰር ጨመርኩ። ስምንት ማዞሪያ በተርታ ያለው፣ በየተራ ቮልት የሚያወጣ ሞጁል ነው። ደረጃውን አምስት ላይ አቆምኩት፤ ቅኝታችን አምስት ድምፅ ነውና። ማዞሪያው ላይ በቀኝ ጠቅ ስታደርግ ቁጥር መጻፍ ትችላለህ። ለአምባሰል 0፣ 0.083፣ 0.417፣ 0.583፣ 0.667 ጻፍኩ። ለሜጀር ትዝታ 0፣ 0.167፣ 0.333፣ 0.583፣ 0.75። አምባሰሉ ሲጀምር ፀጉሬ ቆመ። አምስት ቁጥር ነው እኮ የጻፍኩት።

ኩራቴ እሑድ ድረስ ቆየ። እሑድ ላፕቶፔን ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ክራር ይጫወታሉ። ትዝታውን ከፈትኩላቸው። ቡናቸውን ይዘው ዝም ብለው ሰሙ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ይሄ ፒያኖ ነው።»

«እንዴት ጋሼ? ቅኝቱ ልክ ነው፤ አስልቼዋለሁ።»

«ማስላትህን አልጠላሁም። ሦስተኛዋ ግን አፍጥጣለች። ትንሽ ዝቅ አድርጋት።»

0.333 የነበረውን 0.325 አደረግኩት። «ገና ነች።» 0.315። «ኧረ ወረድክ! አብሽር፣ ትንሽ መልሳት።» 0.32 ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌሎቹንም እንዲሁ አንድ በአንድ አስነኩኝ። ያን ቀን የተማርኩትን ከየትኛውም ቪዲዮ አላገኘሁትም። 0.083 የፒያኖ እኩል ክፍፍል ነው፤ የጋሼ ጆሮ ደግሞ ፒያኖ ተምሮ አያውቅም። ኪቦርድ ላይ ቢሆን ሁለት ቁልፍ መካከል የለውም። ቮልት ግን መካከል አለው። ይሄን መሣሪያ የወደድኩት የዚያን ዕለት ነው ብል ይቀለኛል።

እውነተኛ ሽቦ መንካትም አማረኝ። ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቅ 555 የሚባለውን ቺፕ፣ አንድ ፖቴንሽዮሜትር፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር ገዛሁ። በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ትንሽ ስፒከር አገናኘሁለት፣ ጮኸ። አምስተኛው እግሩ ላይ ቮልት ስትሰጠው የድምፁ ቅጥነት ይለወጣል። ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ቮልት ስትጨምር ድምፁ ይወፍራል። አንድ ቮልት ለአንድ ኦክታቭ የሚለውን ደንብም አያውቅም። ለቅኝት አይሆንም፤ ለመጫወት ግን ጥሩ ነው። ባለቤቴ ማታ ማታ እንዳይነካ ከልክላዋለች፤ እውነቷን ነው።

መብራት ሄዶ ባትሪዬ የሞተበት ቀንም ነበር። ፕሮግራሙ በየጊዜው ራሱ ስለሚያስቀምጥ ሥራዬ አልጠፋም። ሆኖም አሁን የደረስኩበትን ቁጥር ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የጋሼ ትዝታ የሚል ገጽ አለ፤ የጋሼ ባቲም ተጀምሯል። አንድ ነገር አልሠራ ሲለኝም አልገምትም። ስኮፕ የሚባለውን ሞጁል እሰካና ቮልቱ የት ድረስ እንደደረሰ አያለሁ። ሥራ ቦታ በመልቲሜትር እንደማደርገው።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቢጫ ገመድ በጣታቸው አሳዩኝ። «ያችን ብትነቅላትስ?» ከሲክዌንሰሩ ወደ ቪሲኦ የምትሄደው ናት። ነቀልኳት። ዜማው ጠፍቶ አንዷ ድምፅ ብቻ ምቱን ይዛ ቀረች። ድም፣ ድም፣ ድም።

«በቃ፣ እንዲህ ተዋት» አሉና ክራራቸውን አነሱ። መታ መታ አደረጉት፤ ከማሽኑ ጋር አልገጠመም። ክራሩን ወደ ላፕቶፑ ይቃኙታል ብዬ ጠበቅኩ።

«ምን ታየኛለህ? እሱ ወደኔ ይምጣ እንጂ።»

የቪሲኦውን ማዞሪያ ወደ ግራ ቀስ እያልኩ ሳብኩት። 261.6 የነበረው 255 ሆነ፤ 251 ሆነ። 248 ላይ «ቁም!» አሉና መጫወት ጀመሩ።