«ታዲያ እኔን ለምን ታስወርደኛለህ?»

ግንቦት ማለቂያ ላይ ነው። በአዘዞ አድርገው ወደ መተማ የሚወርዱት የጭነት መኪናዎች ሰልፍ ረዝሟል። እኛ ጭነቱን በኤክስሬይ ማሽን እንፈትሻለን። ጠዋት መብራት ሄዶ ስለነበር ማግኔትሮኑን፣ ማለትም ለማሽኑ ሞገድ የሚያመነጨውን ክፍል፣ እንደገና እስክናሞቅ ጊዜ ፈጀብን። ኃላፊያችን በየአሥር ደቂቃው ብቅ እያለ «ቶሎ በሉ እንጂ!» ይለናል።

የአንድ አይሱዙ ተራ ደረሰ። የጫነው የዘር ሰሊጥ ነው። ሹፌሩ ወረደ። የጭነቱ ባለቤት፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም።

«አባቴ፣ ይውረዱ። መኪናው በጨረር ሊፈተሽ ነው።»

«ሰሊጤንስ ምን ያደርገዋል?»

«ምንም አያደርገውም።»

አዩኝ። «ምንም ካላደረገ፣ ታዲያ እኔን ለምን ታስወርደኛለህ? አንተስ ከዚያ ግንብ ጀርባ የምትሸሸገው ለምንድን ነው ልጄ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። አራት ዓመት የሠራሁበት ማሽን ነው። ከአፌ የወጣው ግን «አባቴ፣ ሰልፍ አለ» የሚል ነበር። ይህቺ መልስ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ሰውየው የጠየቁኝ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እኔ ደግሞ የኃላፊዬን ጥድፊያ መለስኩላቸው።

አፈርኩ። ጋቢናው በር ላይ ወጥቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ማሽኑ ኤሌክትሮንን እስከ 6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ ያፈጥናል። ያ ኤሌክትሮን ተንግስተን ከሚባል ብረት ጋር ሲላተም ኤክስሬይ ይወጣል። ሐኪም ቤት ደረት ከሚነሳበት ኤክስሬይ በጣም የበረታ ነው፣ ወፍራም ብረት ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ መንገዱ ላይ ሰው መቆም የለበትም። እርስዎ የሚያልፉት አንድ ቀን ነው፣ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እዚህ ነኝ፤ ግንቡ ለዚያ ነው አልኳቸው። ኮባልት የሚባለው ጨረር አመንጪ ብረት ቢሆን ሌት ተቀን ጨረር ይተፋል፣ ግማሹ እስኪያልቅ እንኳ 5 ዓመት ያልፋል። የእኛው እንደ አምፖል ነው። ሲጠፋ ጠፋ፤ እህሉ ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም። እህሉ የሚቀበለው ጨረር የሚለካው በግሬይ ነው፤ ዘርን ለማምከን በመቶዎች የሚቆጠር ግሬይ ይፈልጋል። የእኛ ፍተሻ የሚለካው በግሬይ ሚሊዮንኛ ነው።

«እንዲህ ብለህ ብትነግረኝ መቼ እምቢ እልሃለሁ?» አሉና ወረዱ። ግን ዝም ብለው አልሄዱም። ጆንያውን ፈተው አንድ እፍኝ ሰሊጥ ወሰዱ። መኪናው አልፎ ሲቆም ከዚያው ጆንያ ሌላ እፍኝ ዘገኑ። ሁለቱንም በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ለየብቻ ዝራቸው። ስመለስ አያለሁ።»

በሁለት የወተት ቆርቆሮ አፈር ሞልቼ ከየእፍኙ 20፣ 20 ፍሬ ዘራሁ። ቆርቆሮዎቹ ላይ በማርከር «ያለፈ»፣ «ያላለፈ» ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ቆጠርኩ። ካለፈው 18፣ ካላለፈው 17 በቅሏል።

አሁን ስለ እህሉ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ መስኮቱ ጋ ወስጄ ቆርቆሮዎቹን አሳየዋለሁ። ኃላፊያችን «ይህን ቆርቆሮ ከዚህ አንሳ» ብሎኛል። ሽማግሌው ሳያዩት አላነሳውም።