ኤምካትን ለመድገም የምታስቡ

ዛሬ የኤምካት (MCAT፣ የአሜሪካና የካናዳ የሕክምና ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና) ውጤት አይታችሁ ቅር ያላችሁ፣ እባካችሁ ማታውኑ ለቀጣዩ ፈተና አትመዝገቡ። ድምሩን ለጊዜው ተዉትና አራቱን ክፍሎች፣ አንዱን የንባብና ሦስቱን የሳይንስ፣ ለየብቻ እዩ። እያንዳንዱ ከ118 እስከ 132 ይታረማል። ሁለት ሰው 498 ቢያመጣ፣ አንዱ በሁሉም 124ና 125 ይሆናል፤ ሌላው ንባቡ ላይ 119 ይዞ ሳይንሱ ላይ 126ና 127 አለው። የነዚህ ሰዎች መፍትሔ ፈጽሞ አይገናኝም።

የንባቡ ክፍል 53 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው፤ 9 ምንባብ ስላለው ለአንዱ ከነጥያቄዎቹ 10 ደቂቃ ይደርሰዋል። መልሱ ያለው ምንባቡ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ባዮኬሚስትሪ መከለስ እዚህ ምንም አይጨምርም። በየቀኑ ሁለት ሦስት ምንባብ ሰዓት ይዞ መሥራት ይሻላል።

ለሳይንሱ የስህተት ደብተር ያዙ፦ አላወቅኩትም? ጥያቄውን አጣምሜ አነበብኩ? ሰዓት አለቀብኝ? ብዙ ሰው ሦስተኛውን ችግር በመጀመሪያው መድኃኒት ያክማል። መጽሐፍ ከሀ ጀምሮ ማንበብ ጥናት ይመስላላ!

የሠራችሁትን የልምምድ ፈተና ስትደግሙ የሚመጣውን ውጤት ደግሞ አትመኑት፤ መልሱን እያስታወሳችሁ ነው።

ሙከራውም ገደብ አለው፦ በአንድ የፈተና ዓመት 3፣ በሁለት ተከታታይ ዓመታት 4፣ በዕድሜ ልክ 7። ፈተናው ሲያልቅ «ውጤቴ አይታረም» ብላችሁ ብትሰርዙት ወይም ተመዝግባችሁ ብትቀሩም ይቆጠራል።