የጋሼ አፍንጫ

ዛሬ ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጥቼ የአየር ናሙና ማጣሪያውን ቀየርኩ። ትናንት ስገጥመው ነጭ ነበር። በ24 ሰዓት ውስጥ መሀሉ እንደ ምጣድ ጠቁሯል፤ ቀለበቱ የያዘው ጠርዝ ብቻ ነጭ ቀርቷል። ጥበቃው ጋሼ ጠጋ ብለው አሸተቱት (እንዳይነኩት ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር)። «የመኪና ነው የማገዶ?» አሉኝ።

አፈርኩ። የእኛ ሚዛን ማጣሪያው ላይ ያረፈው ብናኝ ስንት እንደሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። ለዚህ ብለው የሠሩት ማሽን አለ፣ ኤሮሶል ማስ ስፔክትሮሜትር። ብናኙን 600 ዲግሪ ገደማ በጋለ ብረት ላይ ወደ ተን ይቀይርና ስብርባሪውን በክብደት ይለያል። እንጨት ሲቃጠል የሚወጣው ሌቮግሉኮሳን እዚያ ላይ ምልክቱን ይተዋል።

ጋሼ ግን ማሽን አልጠበቁም። «የማገዶ ነው» ብለው ወረዱ። እኔ ማጣሪያውን አሽጌ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት።