ጠጅ አሳላፊው ከአለቃው ፊት

ሥራ ለመቀየር የሚጸልይ ሰው ከነህምያ የሚማረው አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ገደማ፣ በኒሳን ወር፣ አይሁዳዊው ነህምያ እንደወትሮው ለፋርስ ንጉሥ ለአርጤክስስ ጠጅ አቀረበ። ንጉሡ «ሳትታመም ፊትህ ለምን አዘነ?» ሲለው እጅግ ፈራ። ቢፈራ አይገርምም፤ የንጉሥን ጽዋ የሚይዝ ሰው ፊቱ ከጠቆረ ያስጠረጥራል። ከዚያ የባሰ ደግሞ አለ፦ ዕዝራ ምዕራፍ 4 እንደሚለው፣ ኢየሩሳሌም እንዳትሠራ ቀድሞ ያገደው ራሱ አርጤክስስ ነበር። ነህምያ የሚለምነው እንግዲህ አለቃው የገዛ ትእዛዙን እንዲሽር ነው።

ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» አለው። ነህምያ መጀመሪያ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ፣ ከዚያ ሄጄ ኢየሩሳሌምን ልሥራ ብሎ መለሰ። ይህ አጭር ጸሎት ብዙ ይሰበክበታል፤ ከጀርባው ያሉት አራት ወራት ግን ይረሳሉ። ከካሴሉ እስከ ኒሳን፣ በእኛ አቆጣጠር በግምት ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ ጉዳዩ በሆዱ ነበር። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በሰማ ጊዜ አልቅሷል፣ ጾሟል፤ ሥራውን ግን አልተወም፤ በንጉሡም ፊት ከዚያ ቀን በፊት አዝኖ አያውቅም።

በነህምያ ምዕራፍ 1 የተጻፈውን ጸሎት አካሄዱን ልብ ይሏል። በእግዚአብሔር ታላቅነት ይጀምራል። ኃጢአቱን ሲናዘዝ «እነርሱ» አይልም፣ ራሱንና የአባቱን ቤት ይጨምራል። ለሙሴ የተነገረውን፣ የተበተኑት እንደሚሰበሰቡ የሚለውን ቃል ያስታውሳል። ልመናው የሚመጣው በመጨረሻው ቁጥር ላይ ነው፤ እሱም በዚህ ሰው ፊት ምሕረት እንዲያገኝ ብቻ። እንዴትና በምን መንገድ የሚለውን ለእግዚአብሔር አልደነገገም።

እጁን አጣጥፎም አልጠበቀ። ንጉሡ መቼ ትመለሳለህ ሲለው ቀን ቈረጠ። በኤፍራጥስ ወንዝ ማዶ ላሉት ገዢዎች የማለፊያ ደብዳቤ ጠየቀ፤ ለበሮቹና ለቅጥሩ እንጨት ከየት እንደሚገኝ፣ የዱር ጠባቂውም አሳፍ መባሉን ያውቅ ነበር። አንዳንዱ ይህን እምነት ማነስ ይለዋል። «ሂድ» ቢባል ለመሄድ የቆረጠ ሰው ግን ስንቁን ያስባል።

ተቃራኒው ኤርምያስ 42 እና 43 ላይ አለ። የባቢሎን ንጉሥ በይሁዳ የሾመው ገዢ ጎዶልያስ ከተገደለ በኋላ የቃሬያ ልጅ ዮሐናንና ሕዝቡ ነቢዩን ጸልይልን፣ መልካምም ቢሆን ክፉም እንታዘዛለን አሉት። ከአሥር ቀን በኋላ «በአገራችሁ ተቀመጡ» የሚል ቃል መጣ። እነርሱ ግን «ሐሰት ትናገራለህ፣ ባሮክ ነው ያነሣሣህ» ብለው፣ የነቢዩን ጸሐፊ ከሰው፣ ወደ ግብፅ ሄዱ። ምክንያቱ በምዕራፍ 41 ተጽፏል፦ ጸልይልን ሲሉ ወደ ግብፅ ለመሄድ ተነሥተው ቤተ ልሔም አጠገብ ሰፍረው ነበር። የለመኑት ለቆረጡት ጉዞ ምርቃት እንጂ የእግዚአብሔርን ፈቃድ አልነበረም።

ሥራ ስለመቀየር የሚጸልይ ሰውም የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው፤ ውል ከፈረመ በኋላ «ፈቃድህ ይሁን» ይላል። ጸሎቱ ከፊርማው መቅደም አለበት። አዲሱ ደመወዝ ከአሁኑ እኩል ቢሆን እሄድ ነበር ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ በመሄዱም ሆነ በመቅረቱ የማይጠቀም ሰው፣ የንስሐ አባቱንም ሆነ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ያማክር። አሁን ያለውን አለቃውን በስሙ ጠርቶ ይጸልይለት። መልሱ «ቅር» ከሆነ ደግሞ በማግስቱ በሰዓቱ ቢሮ ይገኝ፤ የተጻፈችው የስንብት ደብዳቤም ትቀደድ።