ዐረፍተ ነገር ሲሠራ ማየት

ዛሬ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በጎግል ዶክስ፣ ብዙ ሰው በኢንተርኔት አንድ ሰነድ አብሮ በሚጽፍበት መሣሪያ፣ በጋራ የጻፉትን የእንግሊዝኛ አንቀጽ ሳነብ፣ ከአንቀጹ ይልቅ የተጻፈበት ሂደት ብዙ ነገር አሳየኝ። ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች የሚናገረው ጽሑፍ አጭር ነው፤ ሰነዱ ያስቀመጣቸውን የቀደሙ ቅጂዎች ስከፍት ግን አንዲት ተማሪ ግሡን ወደ ኃላፊ ጊዜ እንደቀየረችው፣ ጓደኛዋ መልሶ እንደለወጠው፣ በመጨረሻም ሁለቱ በአስተያየት መስጫው ተከራክረው፣ ማስገር የየዕለት ሥራ በመሆኑ የአሁን ጊዜ ግሥ እንደሚስማማው መተማመናቸውን አየሁ። ደብተር ሰብስቦ ማረም ይህን አያሳይም፤ ለመምህሩ የሚደርሰው ስሕተቱ ወይም ትክክሉ ብቻ ነው።

በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በቤታቸው ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም አማርኛ የሚናገሩ ልጆች ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ ያዳምጣሉ፣ ከሰሌዳ ይገለብጣሉ፤ የራሳቸውን ሐሳብ በራሳቸው ዐረፍተ ነገር የሚገልጹበት ዕድል ግን እጅግ ጥቂት ነው። ካናዳዊቷ የቋንቋ ምሁር ሜሪል ስዌን እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረቡት ሐሳብ ለዚህ ለእኛ የተጻፈ ይመስለኛል። በፈረንሳይኛ የሚማሩ የካናዳ ልጆች የሚሰሙትን በሚገባ እየተረዱ በንግግርና በጽሑፍ ወደ ኋላ መቅረታቸውን ተመልክተው፣ ተማሪ የጎደለውን የሚያስተውለው ራሱ ለመናገር ወይም ለመጻፍ ሲሞክር ነው ብለዋል።

በተጨናነቀ ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ፣ ሁሉም ሊናገር አይችልም። በቴሌግራም ቡድናችን ግን በክፍል እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ድምፅዋን ትቀዳለች፣ ታዳምጠዋለች፣ ካልወደደችው ሰርዛ እንደገና ትቀዳለች። የሚደርሰኝ የመጨረሻው ብቻ ቢሆንም፣ ትልቁ ልምምድ ያ መደጋገሙ ነው።

መሣሪያው ብቻውን ግን አያስተምርም። በአንድ ሰነድ ላይ ብዙ ልጆች ሲገቡ ፈጣኑ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ያያሉ፤ ሦስት ሦስት ሲሆኑ ግን ሁሉም ድርሻ ያገኛል። መምህሩም በመሃል ገብቶ ካረመ ክርክሩ ወዲያው ይቆማል፤ ስለዚህ ተስማምተው እስኪጨርሱ መታገሥ ይገባል።

ሲያሳስበኝ የቆየው ክርክሩ በምን ቋንቋ ይሁን የሚለው ነው። እንግሊዝኛ ብቻ ይሁን የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ ግን ስለ እንግሊዝኛ ግሥ በሲዳምኛ አጥብቆ የሚከራከር ልጅ እንግሊዝኛውን እየተማረ ነው ብዬ አምናለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ የሌላቸውን ካላቸው ጋር አጣምሬ እመድባለሁ፤ አስተያየታቸውን በፈለጉት ቋንቋ እንዲጽፉ፣ አንቀጹን ግን በእንግሊዝኛ እንዲያስረክቡ እነግራቸዋለሁ።