ሳልበር 11 ደቂቃ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ክንፉን አናቴ ላይ ለ11 ደቂቃ አቆምኩት። አንዴም መሬት አልነካም። እግሬም አንዴም ከመሬት አልተነሳም። ይህን ለሰው ስነግር "ታዲያ መብረሩ የታለ?" ይለኛል። ባለቤቴም ያው ናት። ስለዚህ ለሚገባችሁ ለእናንተ ልጻፍ ብዬ ነው።

ለማታውቁኝ፣ የምለማመደው ፓራግላይደር ነው፤ ሰው በገመድ ተንጠልጥሎበት የሚበርበት የጨርቅ ክንፍ። ግን አልበርም። ለመብረር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ የለኝም። ቦሌም በአየር ከሱሉልታ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ፈቃድ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሰውዬው በትሕትና አዳመጠኝና "ድሮኑ ስንት ኪሎ ነው?" አለኝ። ድሮን አይደለም፣ ሞተር የለውም፣ ጨርቅና ገመድ ነው ብዬ አስረዳሁት። "እሺ፣ ካሜራውስ?" አለ። ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ተውኩት። እናም የእኔ ሰማይ ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው። የማደርገው መሬት ላይ ቆሜ ክንፉን ማንሳት፣ መያዝ፣ ማውረድ ብቻ ነው።

ክንፉን የሰጠችኝ ቨርጂኒያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። ሐሳቡም የእሷ ነው። "ሳልበር ምን ልማርበት?" ብዬ ሳጉረመርምባት የ1994ን ታሪኳን አወራችኝ።

መስከረም 1 ቀን 1994 እኛ ሰፈር እንቁጣጣሽ ነበር። ልጅ ነበርኩ። ሥዕሌን ይዤ ከቤት ቤት ስዞር ውዬ ማታ ስገባ አዋቂዎቹ ቴሌቪዥን ላይ ተደፍተው አገኘኋቸው። የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች በተጠለፉ አውሮፕላኖች የተመቱበት ቀን ነው። እሷ ያኔ በፓራሹት መዝለል ከጀመረች ገና ጥቂት ወሯ ነበር። በእነሱ ረፋድ ላይ፣ በእኛ ከቀኑ 10:45 ገደማ፣ አሜሪካ ሰማይ ላይ ያለ አውሮፕላን ሁሉ ቅርብ ወዳለው ማረፊያ እንዲወርድ ታዘዘ። ከ4,000 በላይ ነበሩ። አትላንቲክን እየተሻገሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ካናዳ እንዲያርፉ ተደረገ። ጋንደር የምትባል ትንሽ ከተማ ብቻ 38 ትልልቅ አውሮፕላን ተቀበለች።

አየር መንገዶቹ በሦስተኛው ቀን ቀስ በቀስ መብረር ጀመሩ። ትንንሾቹ ናቸው የተጎዱት። አብራሪው ውጭ ውጭውን እያየ የሚያበርራቸው የግል አውሮፕላኖች እስከ መስከረም 9 መሬት ላይ ቆዩ። በትልልቅ ከተሞች ዙሪያ ደግሞ ከዚያም በላይ። ዋሽንግተን አጠገብ ያሉ ሦስት ትንንሽ ማረፊያዎች ለወራት ተዘግተዋል። ዘላዮችን የምታወጣው አውሮፕላንም ከእነዚህ ትንንሾቹ አንዷ ናት። እሷ ካልተነሳች ዘላዩ ከየት ይዘላል?

የአክስቴ ልጅ ምን አደረገች? ፓራሹቷን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። አፓርታማው ኮሪደር ላይ ዘርግታ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ታጥፋለች። አንድ ጎረቤት በሩን ከፍቶ አያትና መልሶ ዘጋው። በዚያ ሳምንት አንዲት የውጭ አገር ሰው ኮሪደር ላይ ፓራሹት ዘርግታ ማየት ምን እንደሚመስል አስቡት። ከዚያ በኋላ ሶፋውን ገፍታ ሳሎን ውስጥ ሆነ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ይፈጅባት የነበረው ወደ 20 ደቂቃ ወረደ። እስከዚያ ድረስ ሌላ ሰው ነበር የሚያጥፍላት። ሰማዩ ሲከፈት የዘለለችው ራሷ ባጠፈችው ነው።

ይህን ሰምቼ ማጉረምረሜን ተውኩ። ቢያንስ በእሷ ፊት።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በአጭሩ ልለፋቸው። መታጠቂያውን መልበስ ተማርኩ። ገመድ መፍታት ተማርኩ፣ ይህ ራሱን የቻለ ጾም ነው። ሱሉልታ በክረምት ረግረግ ስለሆነ ድርቆው እስኪታጨድ መጠበቅ እንዳለብኝ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ከቀረ በኋላ ገባኝ። አየሩም ሌላ ጣጣ ነው። ሜዳው 2,600 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ጠረፍ ላይ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ ነፋስ የሚሠራውን ሥራ እኛ ጋ ለመሥራት ወደ 17 ይፈልጋል። ሯጮቻችን ይህን ስስ አየር ፍለጋ እዚያው ሱሉልታ ድረስ ይመጣሉ። እኔ እረግመዋለሁ። አንዳንድ ጠዋት ጎን ለጎን ነን፣ እነሱ እንደ ሚዳቋ ያልፉኛል፣ እኔ ጨርቅ ስር ተቀብሬ እስላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታቴ። ክንፉ ወደ ቀኝ ይወድቃል። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ። ለአራት ወር!

አነሳሱ እንዲህ ነው። ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ ፊቴን ወደ ክንፉ አዞራለሁ። ከወገቤ የሚነሱት ሁለቱ ማሰሪያዎች በዚህ ጊዜ ፊቴ ላይ ተጠላልፈዋል። ወደ ኋላ እራመዳለሁ፣ ክብደቴን መታጠቂያው ላይ እጥላለሁ፣ ክንፉ አየር ጠጥቶ ይነሳል። ግማሽ መንገድ ድረስ ቆንጆ ነው። ከዚያ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። እኔ በድንጋጤ የቀኙን ፍሬን፣ ማለትም የክንፉን የኋላ ጠርዝ ወደ ታች የሚስበውን ገመድ፣ እጎትታለሁ። ጥው ብሎ ይወድቃል። ላሞቹ ቀና ብለው ያዩኛል።

መጀመሪያ የወቀስኩት ክንፉን ነው። አሮጌ ነው፣ ገመዱ አጥሮ ይሆናል አልኩ። አሮጌ ገመድ እንደሚያጥር እውነት ነው፣ ስለዚህ ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። የልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ ሦስት ሌሊት ሳሎን ውስጥ ተንበርክኬ ለካሁ። ከወለሉ እስከ ቁም ሣጥኑ ጫፍ ገመድ በገመድ ሆነ። ባለቤቴ ሻይ ይዛ በላዩ እየተራመደች "ይሄ ነገር ስንት ይሸጣል?" ትለኛለች። ግራና ቀኙ እኩል ወጣ። ቀጥሎ ሜዳውን ወቀስኩ፣ ያዘነብላል ብዬ ሌላ ቦታ ሄድኩ። ወደ ቀኝ። ቀጥሎ ነፋሱን። እውነት ለመናገር ያልወቀስኩት እኔን ብቻ ነው።

እዚያ ሜዳ ላይ ላም የሚጠብቅ ልጅ አለ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ከፌስታልና ከሸምበቆ ስንጥር የተሠራ ካይት ያበርራል። የእሱ አይወድቅም። የእኔ 25 ካሬ ሜትር ክንፍ መሬት ተነጥፎ የእሱ ፌስታል ሰማይ ላይ ሲሳለቅብኝ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አየሁት። ፌስታሉ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ልጁ ክሩን አይጎትትም። ወደ ፌስታሉ ይሮጣል። ሲቃና ይቆማል።

"ጋሼ፣ ለምን ትጎትተዋለህ? ሂድለት እንጂ" አለኝ።

ይህን ቪዲዮዎቹም ይላሉ። ሰምቼዋለሁ። ግን "እግርህን ተጠቀም" ሲባል መስማትና የፌስታል ካይት ማየት አንድ አይደሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክንፉ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ወደ ቀኝ ሮጥኩ፣ ሥሩ ገባሁ። ፍሬን ካስፈለገም የሚያዘው ከፍ ያለው ጎን ነው፣ የሚወድቀው አይደለም። የሚወድቀውን መያዝ መግፋት ማለት ነው። አራት ወር ሙሉ ስገፋው ነበር።

ይህ ግን መድኃኒቱ እንጂ በሽታው አልነበረም። አሁንም ሲነሳ ወደ ቀኝ ነው። ያወቅኩት ስልኬን ድንጋይ አስደግፌ ራሴን ስቀርጽ ነው። ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ሃያ ጊዜ ያህል አየሁት። ወደ ኋላ ስራመድ ሁልጊዜ የቀኝ እግሬን አስቀድማለሁ። ወገቤ ትንሽ ይዞራል፣ የቀኝ ማሰሪያው ቀድሞ ይወጠራል። ማሰሪያዎቹ ተጠላልፈዋል ብያችኋለሁ አይደል? ስለዚህ ቀድሞ የሚነሳው በዓይኔ በግራ የማየው የክንፉ ጎን ነው። ቀድሞ የተነሳው ይቀድማል፣ የዘገየው ጎን ላይ ይዞራል፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ይተኛል። አራት ወር፣ ሦስት ሌሊት ልኬት፣ አንድ ሜዳ ፍለጋ። የአንድ እግር ነገር!

አሁን ክንፉን ከማንሳቴ በፊት ሁለቱንም እግሬን አጋጥሜ በወገቤ ቁጭ የምል ያህል ወደ ኋላ እደገፋለሁ። እርምጃው ከዚያ ይመጣል። አምስት ጊዜ ስሞክር አራቱ ቀጥ ብለው ይነሳሉ። አምስተኛው? ወደ ግራ ይወድቃል፣ ለለውጥ ያህል።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ከአገር ውጭ ያሉ ቪዲዮዎች ብዙዎቹ ፊትህን ወደ ፊት አድርገህ ሩጥና አንሳ እያሉ ይጀምራሉ። ለእኛ ከፍታ ይህ ከንቱ ልፋት ነው። በስስ አየር የበለጠ መሮጥ አለብህ፣ ክንፉ ደግሞ ከኋላህ ነው፣ ምን እንዳጠፋህ አታይም። ክንፉን እያያችሁ ጀምሩ። ሌላው፣ ፍሬን ሳትነኩ የኋላ ማሰሪያዎቹን፣ ማለትም ወደ ክንፉ የኋላ ክፍል የሚሄዱትን፣ ብቻ ይዛችሁ አንድ ወር ተለማመዱ። አሰልቺ ነው። እኔ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቻልኩት፣ ዋጋዬንም አገኘሁ።

ይህን ልጽፈው አልፈለግኩም ነበር። ሕጌ ከጠዋቱ 3:30 በኋላ ሜዳው ላይ አለመገኘት ነው። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ነፋሱ ይቆራረጣል፣ አቧራ የሚያሽከረክር አውሎም ይነሳል። የካቲት ላይ አንድ ቀን 7 ደቂቃ ደርሼ ስለነበር ሪከርዴን ልስበር ብዬ እስከ 5 ሰዓት ቆየሁ። አውሎውን ሳየው ወደ ሃምሳ ሜትር ቀርቦ ነበር። ማድረግ ያለብኝ የኋላ ማሰሪያዎቹን ስቦ ክንፉን መግደል ነው። እጄ ያደረገው ግን ሁለቱንም ፍሬን መያዝ ነው። ነፋስ ውስጥ ሁለቱንም ፍሬን መያዝ ማለት ክንፉን "አንሳኝ" ማለት ነው። አነሳኝ። የሰው ቁመት ያህል ይሆናል፣ ምናልባት ትንሽ በላይ። ያለ ፈቃድ የበረርኩት ያኔ ብቻ ነው፣ እሱም ሳልፈልግ። ወረድኩ፣ ቁርጭምጭሚቴ ታጠፈ፣ ከዚያ በታጨደ ድርቆና በላም እበት ላይ ተጎተትኩ። ልጁ ሮጦ የክንፉን ጫፍ ባይዝልኝ የት እንደምቆም አላውቅም። የራስ ቁር ነበረኝ፣ ቦርሳ ውስጥ።

አንድ ወር አነከስኩ። ለባለቤቴ ከባጃጅ ስወርድ ነው አልኳት። ይህን ካነበበች አሁን አወቀች።

ስለ ዕቃ ብዙ ምክር የለኝም። ጓንት ግዙ፣ ቀጭን ቆዳ ይሁን። እኔ በብየዳ ጓንት ጀምሬ ገመዱ አይሰማኝም ነበር። ውድ የነፋስ መለኪያ ገዝቼ ተቆጭቻለሁ፣ ቁጥሩን እያየሁ ክንፉን እረሳለሁ። ከሁሉም የምወደው መሣሪያ አንድ ሜትር የሸምበቆ ዘንግ ነው፣ ጫፉ ላይ ከአሮጌ ካሴት የተቀደደ ክር ታስሮበታል። የካሴት ክር በጣም ቀላል ስለሆነ ፊታችሁ ላይ ያልተሰማችሁን ነፋስ ያሳያል። ቀጥ ብሎ ከተኛ ጥሩ ነው። እየተጠመዘዘ ከዘለለ ዕቃችሁን ሰብስቡ። ሁለት ተክሉ፣ አንዱ ከእናንተ በላይ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ራቅ ብሎ። የካቲት ላይ የላይኛውን አልተከልኩም ነበር። መንቀል ሰልችቶኝ።

ቪዲዮውን ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት። 11 ደቂቃውን ሙሉ አይታ በድምፅ መልሳ "አንገትህን ለምን ቀና አድርገህ ታየዋለህ? በእጅህ ስማው እንጂ" አለችኝ። ስለዚህ የዚህ ወር ሥራዬ ዓይኔን ጨፍኜ መያዝ ነው። እስካሁን 40 ሰከንድ ደርሻለሁ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ "ወደ ግራ! ወደ ግራ!" እያለ ይጮህልኛል፣ ለዚህም በቀን 50 ብር ተስማምተናል።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዚያው ነኝ፣ ከአዲሱ ገበያ በታክሲ ነው የምመጣው። መምጣት የምትፈልጉ አሮጌ ካሴት ይዛችሁ ኑ፣ የእኔ ክር አልቋል። ዛፉ የማይነቃነቅበት ጠዋት ከሆነ ግን አትደውሉልኝ፣ ተኝቻለሁ።