በብስክሌት ወደ ግራ መታጠፍ፦ ከስድስት ኪሎ ወደ ቀበና

በከተማ ብስክሌት የምትነዳ ሴት ከሁሉም ሰው የምትሰማው ምክር አንድ ነው። «ዳር ያዢ!» እናቷ ትላታለች፣ ጎረቤት ይላታል፣ የታክሲ ረዳትም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይላታል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ምክሩ ያስኬዳል። መታጠፊያ ላይ ግን ከሁሉ የከፋው ቦታ ዳር ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሳልሳቀቅ መንዳት የጀመርኩት ይህ ሲገባኝ ነው። እንዴት እንደተማርኩት ልንገራችሁ።

የዘወትር መንገዴ ከስድስት ኪሎ በአምስት ኪሎ አድርጎ ወደ አራት ኪሎ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ቀበና። አራት ኪሎ አደባባዩ መሀል ያለው ሐውልት ጋ ስትደርሱ ቀኙ ፒያሳ ነው፣ ፊት ለፊቱ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይወስዳል፣ ግራው ቀበና። የኔ ግራው ነው። ስለዚህ ሁለት መውጫዎችን አልፌ በሦስተኛው ነው የምወጣው። የአደባባዩን ዳር ይዤ ብዞር፣ ወደ ፒያሳ የሚወጣውም ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወጣውም መኪና ፊቴን ቆርጦ ማለፉ አይቀርም። እኔ ወዴት እንደምሄድ በምን ያውቃል? ዳር ያለ ሰው የሚወጣ ነው የሚመስለው።

መጀመሪያ ብስክሌቴን ቤት ትቼ በእግሬ ሄድኩ። ጠዋት ሰው ሥራ በሚገባበት ሰዓት እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሜ ሹፌሮቹን ብቻ አየሁ። ወደ አደባባዩ ሲጠጉ ሁሉም ወደ ግራ ነው የሚያዩት። ቅድሚያው ውስጥ ላለው ነው፣ ውስጥ ያለው ደግሞ የሚመጣው ከግራ ነው። ዓይናቸው የሚያርፈው መኪና ይኖራል ብለው በሚጠብቁበት ቦታ ላይ ነው፤ ማለትም የመንገዱ መሀል ላይ። ጠርዙን በጨረፍታ እንኳ የሚያየው ጥቂት ነው።

ከዚያ የሰፈራችንን የሚኒባስ ሹፌር ጠየቅኳቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። «ነይ፣ ቁጭ በይና እዪው» ብለው የቆመው ታክሲያቸው መሪ ላይ አስቀመጡኝ። ረዳታቸው ብስክሌቴን ይዞ በቀኝ በኩል ከኋላ ቆመ። ስፖኪዮው ላይ መሪውና ግማሽ ጎማው ይታየኝ ነበር። ልጁ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሲል ጠፋ። ዞር ብዬ በመስኮቱ ባየውም የለም፤ ተሳፋሪ ወንበሩና በሩ ሸፍነውታል።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ በቀኝ በኩል የማየው ተሳፋሪ ፍለጋ ነው። ወራጅ አለ ከተባልኩ ወዲያው ወደ ቀኝ እገባለሁ። እዚያ ጎኔ ላይ ከተለጠፍሽ በምን አባቴ አይሻለሁ?»

ከዚያ ወዲህ የሚኒባስ ቀኝ ጎን ለኔ ዝግ መንገድ ነው። ተሳፋሪው የሚወርደውም የሚወጣውም በዚያ ነው። ከታክሲ ኋላ ስሆን ረዳቱን አያለሁ። እጁ ወደ በሩ ከሄደ ወይም «ወራጅ!» የሚል ድምፅ ከሰማሁ ታክሲው ወደ ቀኝ እንደሚገባ አውቄዋለሁ። በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ እየሰሙ መንዳትን አጥብቄ የምቃወመውም ለዚህ ነው። አውቶቡስና ሲኖትራክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ሲታጠፉ የኋላ ጎማቸው የፊቱን ተከትሎ አይሄድም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። በጠርዙና በጎናቸው መካከል ያለው ክፍተት መጀመሪያ ሰፊ ይመስላል፣ መሀል ላይ ግን ያልቃል። እዚያ ውስጥ አትግቡ። ቢቸኩሉም፣ ቢዘንብም አትግቡ።

በኢንተርኔት ያገኘኋቸው ትምህርቶች አብዛኞቹ የእንግሊዝ ነበሩ። እነሱ በግራ ነው የሚነዱት። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ በቀኝ ነን። ስለዚህ እነሱ ወደ ቀኝ ስለመታጠፍ የሚሉትን ሁሉ ለኛ ግራ አድርጌ ገለበጥኩት። የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሻሻል፣ ብስክሌተኛ ወደ መጋጠሚያ ሲቃረብ የመስመሩን መሀል እንዲይዝ በግልጽ ይመክራል። ከቆመ መኪና ደግሞ ቢያንስ አንድ ሜትር መራቅ፣ በር ድንገት ቢከፈት እንዳይመታን። እኛ ጋ ከጠርዝ ለመራቅ ሌላም ምክንያት አለ። ክዳኑ የጠፋ ጉድጓድ፣ ጠጠር፣ በክረምት ውኃ የሸፈነው ቦይ፣ ሁሉም ያለው ዳር ነው። ዳር የሚነዳ ሰው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ድንገት ወደ መሀል ይወጣል። ከኋላው ያለውን ሹፌር የሚያስደነግጠው ይኼ ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ከአምስት ኪሎ ስወርድ ቁልቁለቱ ፍጥነት ይሰጠኛል፣ ከመኪናው ብዙም አልዘገይም። አደባባዩ ገና ሩቅ ሳለ በግራ ትከሻዬ ላይ ዞሬ አያለሁ። ክፍተት ካለ ግራ እጄን እዘረጋለሁ፣ እንደገና አያለሁ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ መስመሩ መሀል እገባለሁ። እጄን ቶሎ ወደ ፍሬኑ እመልሳለሁ፤ ቁልቁለት ላይ በአንድ እጅ ብዙ መቆየት አይመከርም። አደባባዩ አፍ ላይ ስደርስ ቦታዬን ይዣለሁ። ከኋላዬ ያለው ይከተለኛል፣ ጎኔ የሚሾልክ የለም። ስዞርም መሀሉን አልለቅም፣ ግራ እጄም ይታያል። ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወስደውን መውጫ ካለፍኩ በኋላ በቀኝ ትከሻዬ አይቼ፣ ቀኝ እጄን አሳይቼ፣ ወደ ቀበና እወጣለሁ። ሊገባ የሚጠብቅ መኪና ካለ የፊት ጎማውን አያለሁ። ሹፌሩ አይቶኝም ሊነሳ ይችላል። ጎማው መዞር ሲጀምር ግን እጄ ፍሬኑን ጨብጧል።

አንዳንዴ ከኋላ ክላክስ ይደረግብኛል። ጆሮ ያማል፣ ልብም ያስደነግጣል። ግን ክላክስ ያደረገው ሹፌር አይቶኛል ማለት ነው። የምፈራው ያላየኝን ነው። ስለዚህ በክላክስ ተገፍቼ ወደ ዳር አልመለስም፤ መታጠፊያውን ጨርሼ ነው የማሳልፈው። ሳሳልፈው እጄን አነሳለታለሁ። ብዙዎቹ መልሰው ያነሳሉ።

ከትከሻ በላይ ዞሮ ማየት ቀላል ይመስላል። ጀማሪ ግን አንገቱን ሲያዞር መሪውም አብሮ ይዞራል። እኔ የተለማመድኩት በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» ነበር፤ አስፋልቱ በእሑድ ለመኪና ዝግ ሲሆን። ነጩን መስመር ይዤ እየነዳሁ ጓደኛዬ ከኋላ ጣቶቿን ታነሳለች፣ እኔ ዞሬ ስንት እንደሆኑ እናገራለሁ። ከመስመሩ ሳልወጣ ቁጥሩን በትክክል መናገር እስክችል ድረስ አደባባይ አልገባሁም።

ዳገት ላይ ግን ሌላ ነው። ከቀበና ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ስወጣ ፍጥነቴ ከእግረኛ ብዙም አይሻልም። በዚያ ፍጥነት መሀል ገብቼ ወደ ግራ መታጠፍ አልሞክርም። ወደ ቤተ መንግሥቱ መሄድ ካለብኝ ወርጄ ብስክሌቴን እየገፋሁ በዜብራው እሻገራለሁ። ዴንማርክ ውስጥ ብስክሌተኛ በአንዴ ወደ ግራ እንዲታጠፍ ሕጉም አይፈቅድለትም። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይሻገራል፣ ማዶ ጥጉ ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፣ ከዚያ ይሄዳል። መብራት ባለበት መስቀለኛ ላይ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ቁልቁለትም ቢሆን ምርጫዬ ይኼው ነው። የዜብራው ቀለምና ታክሲ ማቆሚያ ላይ የፈሰሰ ዘይት ጎማ ያንሸራትታሉ።

የብስክሌት መስመር ባለበት በመስመሩ ነው የምሄደው። የኮሪደር ልማቱ በብዙ ዋና መንገዶች ላይ መስመር አምጥቶልናል፣ ከልቤ ደስ ብሎኛል። መስመሩ መስቀለኛ ላይ በሚቋረጥበት ቦታ ግን ከመቋረጡ በፊት እወስናለሁ፤ ወይ እንደ መኪና መሀል እገባለሁ፣ ወይ እንደ እግረኛ ወርጄ እሻገራለሁ። ግማሽ መኪና ግማሽ እግረኛ የሆነ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሹፌር መገመት አይችልም። ቀለሙ መስቀለኛውን አቋርጦ እስከ ማዶ ቢዘልቅ ብዙ ሰው ብስክሌት ይጀምር ነበር። መንገድ የሚሠሩልን ሰዎች ይህን ቢያስቡልን ደስ ይለኛል።

አዲስ ሰው ሳለማምድ እሑድ ማለዳ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነው የምይዘው። መጀመሪያ አደባባዩን በእግር እንዞረዋለን፣ የምንቆምበትን መስመር እየጠቆምኩ። ከዚያ እሷ ከፊት ትነዳለች፣ እኔ ከኋላዋ ትንሽ ወደ ግራ ወጣ ብዬ እከተላለሁ። «እዪ፣ አሳዪ፣ ደግመሽ እዪ፣ ግቢ» እያልኩ እጠራላታለሁ። ድምፄን ሳልጠብቅ ቀድማኝ መዞር ስትጀምር፣ በሚቀጥለው ሳምንት በሥራ ቀን እንወጣለን።